«ገና ይሄዳል!» ... ግን ወዴት?

አደጋ በደረሰ ቁጥር በየዜናው የምንሰማት አንዲት የታወቀች አነጋገር አለች። «ተሽከርካሪው ፍሬን እምቢ ብሎት...» ትላለች። እምቢ! ፍሬኑ ከጌታው ተጣልቶ የሸፈተ ሎሌ ይመስል። ወገኖቼ፣ ፍሬን እምቢ ብሎ አያውቅም። ፍሬን ይለምናል እንጂ! መጀመሪያ ሲጥ ሲጥ ይላል። ቀጥሎ ፔዳሉ ከወትሮው ጠለቅ ይላል። ከዚያ ሲረገጥ መኪናውን ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። በመጨረሻም ብረት ከብረት እየተፋጨ ሰፈር ያውካል። ሦስት አራት ወር ሙሉ አቤት ሲል ከርሞ ሰሚ ያጣው ፍሬን፣ አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ሲያልቅለት «እምቢ አለ» ተብሎ እሱው ተከሳሽ ይሆናል። እምቢ ያለውስ ባለቤቱ ነበር። ሜካኒኩ «ጋሼ፣ ይሄ ሸራ አልቋል፣ ይቀየር» ሲለው «ተወው ባክህ፣ ገና ይሄዳል» ብሎ ቁልፉን ተቀብሎ የወጣው እሱ ነው።

ይህቺ «ገና ይሄዳል» የምትባል ቃል ናት ዛሬ ብዕር ያስጨበጠችኝ።

ነገሩ የጋራዥ ወሬ ይመስላል። አይደለም። በዚህች አገር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪ አለ። ከዚህ ውስጥ ስንቱ ከአሽከርካሪው በዕድሜ እንደሚበልጥ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ አስፋልት ዳር አሥር ደቂቃ መቆም ይበቃል። ላዳው፣ ዲኤክሱ፣ ከዱባይ ዞሮ የመጣው ቪትዝ፣ ጠዋት ጠዋት የምንጋፋበት ሚኒባስ... መኪና ያለውም የሌለውም በየቀኑ የሚሳፈረው፣ አንድ የማያውቀው ሰው «ይቀየር» ወይም «ይቆይ» ብሎ በሰጠው ውሳኔ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ውሳኔው «ይቆይ» ነው።

ፈረንጆቹ ለዚህ ጣጣ ቀላል ሕግ አላቸው። የጥገናው ወጪ ከመኪናው ዋጋ ከበለጠ መኪናውን ጣለው፣ ሌላ ግዛ ይላሉ። ለእነሱ ይሠራል። እዚያ መኪና ሲያረጅ ይረክሳላ! እኛ ዘንድ መኪና እንደ መሬት ነው፤ በሰነበተ ቁጥር ይወደዳል። እነሱ ድሮ ለብረት ማቅለጫ የላኩት ዲኤክስ እዚህ በመቶ ሺዎች ብር ይጠራል። ቪትዝማ ሚሊዮን ቤት ከገባች ሰነባበተች። ይህ ደግሞ ከሰማይ የወረደ ነገር አይደለም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ የጫነው ታክስ፣ ከሰባት ዓመት በላይ በሆናቸው ላይ ሲደርስ የመኪናውን ዋጋ ብዙ እጥፍ የሚያስከነዳ ሆነ። በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር አይገቡም አለን። ያንኑ ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብር በገበያ ይተመን ተባለና፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ። ጃፓንና ታይላንድ የሚሠራ የመኪና ዕቃ በብር አይገዛም፤ ስለዚህ ሶማሌ ተራ ያለው ዕቃም አብሮ ተሻገረ።

እንግዲህ የእኛ ሰው ጥያቄ «ይጣል ወይስ ይጠገን?» አይደለም። መጣል የሚባል ነገር የለማ! የእኛ ጥያቄ «ካለችኝ ብር ላይ የትኛውን ዕቃ ዛሬ፣ የትኛውን ከደመወዝ በኋላ፣ የትኛውን ለመስከረም?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ደግሞ ሀብታም አይደለም። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያና የፍሬን ሸራ በአንድ ኪስ ውስጥ የሚጣሉበት ሰው ነው። እሱን «ለምን አልቀየርክም?» ብሎ መስበክ ቀላል ነው። ስብከት አያስፈልገውም፤ ቅደም ተከተል ነው የሚያስፈልገው።

የቅደም ተከተሉ ጠንቅ የሚጀምረው ከጥያቄው ነው። እኛ ዕቃውን «ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ብለን እንጠይቃለን። ያለቀ ሸራ እኮ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ይሠራል! ሊበጠስ አንድ ክር የቀረው ቺንጊያም ይሠራል። መጠየቅ ያለበት «ድንገት ቢለየኝ ምን ያደርገኛል?» ተብሎ ነው። ሞተሪኖ ቢሞት ምን ይሆናል? ጠዋት መኪናው አይነሳም፤ የሰፈር ጎረምሳ ተጠርቶ ይገፋል፣ ተስቆ ይታለፋል። ማርሚታው ቢቀደድ ጎረቤት ይረብሻል። ቺንጊያው ቢበጠስ ግን ሞተር ይዞ ይሄዳል። ቴስቲናው ቢወልቅ ደግሞ ጎማው ወደ ፈለገው ይዞራል፣ መሪው እጃችሁ ላይ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። የሚያስገፋ ዕቃ እስኪሞት ይሥራ፣ ግድ የለም። የሚያከስር ዕቃ ቀኑ ሳይደርስ ይቀየር። ሰው የሚገድል ዕቃ ላይ ግን ድርድር የለም፤ ገንዘብ ከሌለ መኪናው ይቁም።

እኛስ ምን እናደርጋለን? ግልባጩን! አቶ እገሌን እንውሰድ። ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ የሌሉበት መሥሪያ ቤት የለም። የዲኤክሳቸውን ወንበር በአዲስ ቆዳ አልብሰዋል። ቀለም አስቀብተዋል። ቴፑ ሲገባ የሰው ጆሮ ይበጥሳል። ሞተሩ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ቢያሳያቸው ደንግጠው «ሙሉ ሞተር ይውረድ» ብለው ከባንክ ተበድረዋል። ወደ ታች ጎንበስ ብላችሁ ጎማቸውን ብታዩት ግን ጥርሱ አልቆ ሽቦው ሊያፈጥ ነው። የፍሬን ዘይታቸው ቡና መስሏል። ለምን ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ገና ይሄዳል።»

እስቲ ስለዚያ ቡና ስለመሰለው ዘይት ትንሽ ልበል፤ ሰው የሚንቀው እሱን ነውና። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም። ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ይወርዳል። በከተማ ውስጥ ልዩነቱ አይታይም። ከጎሐጽዮን ተነስታችሁ ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ ግን፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል፣ ፍሬኑ እየተረገጠ ሲግል፣ ውሃ የጠጣው ዘይት ይፈላል። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል። እንፋሎት እንደ ዘይት አይደለም፤ ሲረገጥ ይታመቃል። ፔዳሉ ወለሉን ይነካል፣ መኪናው ግን አይሰማም። «እምቢ አለ» የሚባለው ይኼ ነው እንግዲህ! ሸራው አዲስ ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ ያለው አንድ ጠርሙስ ዘይት ላይ ነው። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ አስለቅቆ መቀየር ከአንድ እሑድ የክትፎ ግብዣ የሚረክስ ሥራ ነው።

የሸራና የፓድ ነገር ብዙም አያከራክርም። አዲስ ፓድ ውፍረቱ አሥር ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት ሚሊ ሲቀረው ይሰናበት። የአንድ አክሰል ግራና ቀኝ አብሮ ይቀየራል። «የግራው ብቻ ነው ያለቀው» ብሎ አንድ ወገን መቀየር መኪናውን ለዝናብ ቀን ማሽከርከሪያ አዘጋጅቶ መተው ነው። ዲስኩ ላይም ከዚህ በታች ከሳሳ አትጠቀሙበት የሚል ልክ ጠርዙ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ቶርኖ ቤት ወስዶ ደጋግሞ ማስላጥ የለመደብን ሰዎች እሱን ቁጥር አንብበነው እናውቃለን?

ጎማም እንደዚሁ ነው። የጎማ ሻጩ «አዲስ ነው፣ ፀጉሩ እንኳ አልወለቀም» ሲላችሁ ጎኑን ፈልጉና አራት አኃዝ ያላትን ቁጥር አንብቡ። 2319 የሚል ከሆነ በፈረንጅ 2019 ዓመት፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። መጋዘን ውስጥ ዓመታት አሳልፎ «አዲስ» ተብሎ የሚሸጥ ጎማ ከፊቱ የሚያምር፣ ከውስጡ የደረቀ እንጀራ ነው። አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር መንገድ ላይ መታየት የለበትም።

መሪውን ለመፈተሽ ደግሞ ኮምፒዩተር አያስፈልግም። በክሪክ ፊቱን አንሡና ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት፤ ኳ ኳ ካለ ወይ ቦል ጆይንቱ ወይ የጎማው ኩሽኔታ ልቋል። ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ስትነቀንቁት ካንኳኳ ቴስቲናውን ጠርጥሩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ሳያደርግ «ከፊት ድምፅ አለው ብለዋል? እንግዲህ ቦኮላውንም፣ ሾክ አብዞርበሩንም፣ ሁሉንም እንቀይረውና እንየው» የሚል ሜካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ሌላ ፈልጉ። በእናንተ ብር ትምህርት እየተማረ ነው። ያለቀውን አለመቀየር አንድ በሽታ ከሆነ፣ ያላለቀውን በግምት መቀየር ሁለተኛው በሽታ ነው፤ ለፍሬን የታሰበችው ብር የምታልቀው እዚያ ላይ ነዋ!

ወደሚያከስሩት እንለፍ። የእነዚህ ዋና ጠባያቸው ርካሽ ሆነው ውድ ነገር ይዘው መሞታቸው ነው። የሞተሩ የውስጥ ቺንጊያ አንዱ ነው። ብዙ አምራቾች በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር ግድም ቀይሩት ይላሉ። በናፍጣ ሞተር ላይ፣ በሚኒባሱም በላንድክሩዘሩም ማለቴ ነው፣ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሒሳብ አይነገርም። «የኔ ገና 80 ሺህ ነው» የሚል ይኖራል። ማን ነገረህ ወንድሜ? ሰሌዳው? ያ ቁጥር ዱባይ ላይ ወይም እዚሁ ሠፈር ስንት ጊዜ ወደ ኋላ እንደተጠመዘዘ በምን ይታወቃል? ታሪኩ ያልታወቀ አሮጌ መኪና የገዛ ሰው ቁጥሩን ረስቶ ቺንጊያውን በመጀመሪያው ሳምንት ይቀይር፤ ከዚያ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በደብተር ይጻፍ። ሲከፈት ደግሞ የውሃ ፓምፑም ይታይ። የሥራው ዋጋ ያለው መፍታቱ ላይ እንጂ ዕቃው ላይ አይደለም። ለፍሪሲዮን ካምቢዮ ሲወርድም እንደዚሁ፣ ከጀርባው ያለው የሞተር ዘይት ማገጃ ጎሚኒና የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ አብረው ይቀየሩ። ሁለት መቶ ብር ለማዳን ብሎ ከሦስት ወር በኋላ ካምቢዮ ድጋሚ የሚያስወርድ ሰው ሒሳብ የተማረው የት ነው?

ሌላዋ የራዲያተር ክዳን ናት። አዎ፣ ክዳኗ! አትናቋት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሞተር ውሃ ደግሞ በደህና ቀኑም ቢሆን ከዚያው ግድም ነው የሚውለው። ራዲያተሩ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኗ ግፊቱን አምቃ ስለምትይዝ ነው፤ ደህና ክዳን ካለ ውሃው 110 ዲግሪ እስኪያልፍ አይፈላም። ስፕሪንጓ የላላ፣ ጎሚኒዋ የደረቀ ክዳን ግን ግፊት አትይዝም። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ ጣጣ የሌለው መኪና የእኛን ዳገት ሲወጣ ይፈላል። ከዚያ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ ጋራዥ ይገባል። የክዳን ዋጋና የቴስታታ ዋጋ!

እዚህ ላይ አንድ ልማድ ሳልነካ አላልፍም። መኪና ሞቀ ሲባል ብዙ ጋራዦች ቴርሞስታቱን ነቅለው ይጥሉታል። «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ይላሉ። እንዲያውም ለብርዳም ከተማ ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ጠዋት ጠዋት ለመሞቅ ግማሽ መንገድ ይፈጅበታል፤ ቀዝቃዛ ሞተር ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱን ያቆሽሻል፣ ሲሊንደሩን ያስላጫል። የሞቀበትን ምክንያት መፈለግ ሥራ ነው፤ መንቀል ግን ቀላል ነው። መንቀል የሚወድ ሕዝብ ሆንን መሰለኝ።

ተውት የምላቸውም አሉ። ሞተሩ በሺህ ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ዘይት ቢጠጣ ጨምሩለትና ንዱት፤ በየሳምንቱ መለኪያውን መዝዞ ማየት ግን ግዴታ ነው። ጭሱ ጠዋት ሲነሳ ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ከሆነ ብዙ ጊዜ የቫልቭ ጎሚኒ ነው፤ የፒስተን ፋሻ ለመቀየር ሙሉ ሞተር አታስወርዱ። የመስታወት ማንሻ፣ የበር እጀታ፣ የተሰነጠቀ ዳሽቦርድ፣ ጊዜ የቆመበት ሰዓት... ሁሉም ይጠብቅ። መኪናው ያረጀ ነው፤ ያረጀ ነገር ያቃስታል።

ዕቃ መግዛትም የራሱ ትንቅንቅ አለው። ሶማሌ ተራ ገብቶ «ኦሪጅናል አለህ?» ብሎ የማይጠይቅ የለም፤ «የለኝም» ያለ ነጋዴስ ማን ሰምቶ ያውቃል? ካርቶኑ ኦሪጅናል ነው። ጽሑፉ ኦሪጅናል ነው። ውስጡን እግዜር ይወቀው። እዚህ ላይ ሰው ግራ ስለሚገባው የማምንበትን ልናገር። ከተበተነ መኪና የወጣ ያገለገለ የፋብሪካ ዕቃ ለአንዳንድ ነገር ከአዲስ አስመሳይ ይሻላል፤ ሞተሪኖ፣ ዲናሞ፣ ካምቢዮ፣ በር፣ ስፖኪዮ (የራሳችሁ ካልሆነ ማለቴ ነው፤ ትናንት ማታ የጠፋችሁን ስፖኪዮ ዛሬ እዚያው ተደርድሮ ብታገኙት አትደነቁ)። የሚያልቅ፣ የሚለጠጥና የሚደርቅ ነገር ግን በምንም ተአምር ያገለገለ አይገዛም። ፓድ፣ ቴስቲና፣ ቺንጊያ፣ የፍሬን ጎሚኒና ቱቦ፣ ጎማ። እነዚህ ላይ ርካሹን የመረጠ ሰው ገንዘብ ያዳነ ይምሰለው እንጂ የገዛው ቀጠሮ ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው ጣጣ እንምጣ። እስካሁን የተናገርኩት የራሱን መኪና ለሚነዳ ሰው ነው። እሱ ቢያንስ ስህተቱን ራሱ ይሳፈርበታል። ሚኒባሱስ? በከተማችን የታወቀው አሠራር ሹፌሩ በቀን የተቆረጠ ገቢ ለባለንብረቱ ያስገባል፤ የተረፈው የእሱና የረዳቱ ነው። ባለንብረቱ ቤቱ ተቀምጦ ማታ ማታ ገንዘብ ይቀበላል። ሹፌሩ «ጋሼ፣ ፍሬኑ ደህና አይደለም» ሲል «እስቲ ይቺን ሳምንት ጨርስና» ይባላል። ሳምንቱ አያልቅማ! ሹፌሩም መኪናው ጋራዥ ከዋለ የዕለት እንጀራው ይቀራል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ለመናገር ምላሱ ይተሳሰራል። ባለንብረቱ አይሳፈርም፣ ሹፌሩ አይወስንም፣ የሚሳፈሩት አሥራ ሁለቱ (በሥራ መውጫ ሰዓት አሥራ ስምንቱ) ደግሞ አልተጠየቁም። የኋላ መስታወቱ ላይ ግን የሚያምር ጥቅስ ተለጥፏል።

በጭነቱ በኩል ያለውን ሕዝቡ ራሱ በስም ገልጾታል። ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው ማንም የቋንቋ አካዳሚ አይደለም። እነዚህ ስሞች በሹፌሩ ፍጥነት ብቻ የወጡ ይመስላችኋል? ያለቀ ጎማና ጭነት የማይችል ፍሬንም ከስሙ ውስጥ ድርሻ አላቸው።

«ታዲያ ቦሎ ለምን አለ?» ትሉ ይሆናል። ደግ ብላችኋል። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ማለፍ አለበት። የምርመራ ጣቢያው ውስጥ የፍሬን መለኪያ ማሽን አለ፣ ባለሙያ አለ። ማሽኑ አይዋሽም ይሆናል፤ ግን ማሽኑ የሚያየው የአንዷን ቀን መኪና ነው። ለዚያች ቀን ጎማ የሚዋስ ሰው አለ ሲባል ያልሰማ ማን ነው? ቦሎው ሲለጠፍ የተዋሰው ጎማ ለባለቤቱ ይመለሳል፣ መኪናውም ወደ ቀድሞ አመሉ ይመለሳል። ማሽን ላይ ሳይወጣ ወረቀት የሚወጣለት መኪና አለ የሚለውንም ሐሜት የሚመለከታቸው ክፍሎች ከእኔ በፊት ሰምተውታል። ታርጋ ለመፍታት ደረቱን የሚነፋው ትራፊክ ፖሊስ ለምንድነው የጎማ ጥርስ መለኪያ ኪሱ ውስጥ የማይይዘው? ከመንጃ ፈቃድ የምታንስ ዕቃ እኮ ናት።

የመንግሥት ነገርማ ይገርማል። ለኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ማድረጉ ይታወሳል። ነዳጅ ይቀነስ፣ የውጭ ምንዛሪ ይዳን፣ ጥሩ ነው እንበል። ሆኖም በሩን ሲዘጋ ውስጥ የቀረውን አሮጌ መኪና ምን ሊያደርገው አስቦ ነበር? የነዳጅ አውቶሞቢል አዲስ አይገባም ማለት፣ ያለው በሙሉ ከዚህ ወዲያ እያረጀ ይሄዳል ማለት ነው፤ ምትክ የለውምና። ይህን ያወቀ መንግሥት የመጀመሪያ ሥራው ያሉት መኪኖች ሰው እንዳይገድሉ ማድረግ ነበር። ግን የኤሌክትሪክ መኪና ገዥው በታክስ ምሕረት ሲያገኝ፣ የ25 ዓመት ቪትዝ ይዞ ፓድ ሊገዛ የመጣው መምህር በፓዱ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፍላል፣ ጉምሩክ ላይ የተከፈለውም ተጨምሮበት ይሰላበታል። ፓድ ነዳጅ አይጠጣም እኮ! ቴስቲና ጭስ አያጨስም!

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ገንዘብ ሚኒስቴር ቁጭ ብሎ አጭር ዝርዝር ያውጣ። የፍሬን ሸራና ፓድ፣ የፍሬን ጎሚኒ፣ ቱቦና ዘይት፣ ቴስቲናና ቦል ጆይንት፣ ጎማ። እነዚህን ከቀረጥና ከታክስ ነፃ ያድርግ። ስፖኪዮውን፣ የወንበር ልብሱን፣ ቴፑን እንደፈለገ ይቅረጥ፣ ማንም አይከራከረውም። ከግዴታው ጎን ደግሞ፣ ነፃ ሆኖ የሚገባው ዕቃ ጉምሩክ ላይ በናሙና ይፈተሽ፤ ካርቶኑ ብቻ ኦሪጅናል የሆነውን ያስመጣ ነጋዴ ፈቃዱን ይነጠቅ። የሚቀረው ገቢ ለመንግሥት ካዝና ትልቅ ጉድለት ነው የሚለኝ ሰው ካለ፣ ከዚያው ካዝና ለድንገተኛ ሕክምና የሚወጣውን አብሮ ደምሮ ያሳየኝ።

ለሚኒባስ ባለንብረቶች ማኅበራትም አንድ ነገር አለኝ። ስምሪት ሲመደብ፣ ተራ ሲያዝ፣ መዋጮ ሲሰበሰብ የማይጠፋው ደብተር ለፍሬንም አንድ ዓምድ ይኑረው። የዚህ መኪና ሸራ መቼ ተቀየረ፣ ጎማው የስንት ዓመት ነው፣ የፍሬን ዘይቱ መቼ ተለወጠ፤ ሹፌሩ ይሞላዋል፣ ባለንብረቱ ይፈርምበታል። ፊርማው ያለበት ወረቀት ካለ «ይቺን ሳምንት ጨርስና» ያለው ሰው ማን እንደነበር አደጋው ከደረሰ በኋላ ለመርማሪው ፖሊስ መፈለጉ አያስቸግረውም። ዛሬ የሚታሰረው ሹፌሩ ብቻ ነው።